መልስ፦ የአባቴ እጅ መንቀጥቀጥ በማግኔት ቢታከም ኪኒኑ ይቀራል ወይ?

አይቀርም። አባትህ ለፓርኪንሰን (እጅ ለሚያንቀጠቅጠው የአንጎል ሕመም) የሚወስዱትን ሌቮዶፓ የተባለ ኪኒን በራስህ እንዳታስቆማቸው፣ ድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው።

የሰማኸው የማግኔት ሕክምና ራስ ቅል ሳይከፈት፣ ማደንዘዣም ሳይሰጥ፣ ጭንቅላት ላይ በሚያዝ መሣሪያ በማግኔት ኃይል አንጎል ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚፈጥር ነው። አሜሪካ በ2008 (በፈረንጆቹ) የፈቀደችው ለድብርት እንጂ ለፓርኪንሰን አይደለም። ለመንቀጥቀጥ ገና እየተጠና ነው። ጭንቅላታቸው ውስጥ ብረት ካለ ወይም የሚጥል በሽታ ካለባቸው ደግሞ አስቀድመህ ለሐኪሙ ንገር።

አንድ ነገር ከአጎቴ ተምሬያለሁ። እዚሁ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ቁጭ ብሎ ኪኒኑን ከጣና ዓሣ ጋር እየዋጠ «ይሄ መድኃኒት አልሠራልኝም» ይል ነበር፤ ለካ ፕሮቲኑ ነው መድኃኒቱን የሚሻማው! ሐኪሙን ጠይቆ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መውሰድ ሲጀምር ቡናውን ሳያፈስ መጠጣት ቻለ።