በምርምራችሁ ምክንያት ማስፈራሪያ ለገጠማችሁ፦ ጠይቁ፣ የማውቀውን ልመልስ

ሰላም የጎንደር ልጆች። ብዙ ዘመን ያስተማርኩ፣ የዩኒቨርሲቲ ሴኔትም የተቀመጥኩ ሰው ነኝ፣ ስለ አካዳሚክ ነፃነት፣ ማለትም ሳይፈሩ ስለ መመራመርና ስለ ማስተማር፣ የከበዳችሁን ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ማስተርስ ላይ ነኝ። ቢሮ ተጠርቼ "ይሄ ርዕስ ጣጣ አለው፣ ቀይረው" ተባልኩ። ወረቀት ግን የለም።

መልስ፦ ዋናው ነገር እሱ ነው ልጄ፣ እንዲህ ያለው ሁሌ በቃል ነው የሚመጣው፣ ነገ አላልኩም ለማለት እንዲመች። ዛሬውኑ በትህትና ኢሜይል ጻፍ፣ "በቢሮዎ ርዕሱን እንድቀይር ነግረውኛል፣ ምክንያቱን በጽሑፍ ቢገልጹልኝ" በል፣ አማካሪህንም ኮፒ አድርግ። ምክንያቱ የሜቶዶሎጂ፣ ማለትም የጥናት ዘዴህ፣ ከሆነ ተቀበል፣ ጠንካራ ትችት ማስፈራሪያ አይደለም። "አለቆች አይወዱትም" ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ብቻህን አትሸከመው።

ጥያቄ፦ ሕግ አለ እንዴ?

መልስ፦ አለ እንጂ። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የአካዳሚክ ነፃነትን ያውቃል፣ ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 90 ላይ ትምህርት ከፖለቲካ አመለካከት ነፃ ሆኖ ይካሄድ ይላል። ግን አዋጅ አብሮህ ቢሮ አይገባም፣ ባልደረባ ነው የሚገባው። ጉዳቱም የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፦ በ1985 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 በላይ መምህራን ባንዴ ተባረሩ፣ ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስም አንዱ ነበሩ፣ እንዲህ ያለ ሰው ሲወጣ እኮ እሱ ያስተምራቸው የነበሩትም ናቸው የሚጎዱት።

ጥያቄ፦ ገጠር ዳታ ስንሰበስብ አንድ ኃላፊ የመላሾቹን ስም አምጡ ቢለንስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ፣ ምክንያቱም እኛ ከተማ እንመለሳለን፣ መላሹና ዳታ ሰብሳቢው ልጅ ግን እዛው ነው የሚያድሩት። ስለዚህ ስም እጃችሁ ላይ አይኑር። መላሹን በኮድ መዝግቡ፣ የኮዱን ቁልፍ፣ ማለትም የትኛው ኮድ የማን እንደሆነ የሚያሳየውን ዝርዝር፣ ለብቻው በፓስወርድ ቆልፋችሁ አስቀምጡ። በታብሌት ከሆነ ደግሞ ጂፒኤሱን እዩት፣ ስሙን ብታጠፉም ቦታው የሰውየውን ደጃፍ ያሳያልና ካላስፈለገ ከፎርሙ አውጡት። የስምምነት ፎርሙም ላይ ፊርማ አደጋ ካለው የቃል ስምምነት እንዲፈቀድላችሁ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴውን ቀድማችሁ ጠይቁ። የትብብር ደብዳቤ ያዙ፣ ለዳታ ሰብሳቢዎቹም "ከፈራችሁ ተመለሱ፣ አበላችሁ አይቀነስም" በሏቸው፣ እውነትም አትቀንሱባቸው!

ጥያቄ፦ ነገሩ ከባሰ?

መልስ፦ ዛቻው የሕይወት ከሆነ ደህንነትህ ይቅደም፣ ቴሲሱ ይደርሳል። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አቤቱታ ይቀበላል። ከውጭ ደግሞ በ1999 እንደ ፈረንጆቹ የተቋቋመው ስኮላርስ አት ሪስክ የሚባለው ድርጅት ስጋት ላይ ላለ ምሁር ጊዜያዊ የሥራ ቦታ ያፈላልጋል፣ ግን ጊዜ ይወስዳልና ሜሴጁን፣ ቀኑን፣ ማን ምን እንዳለ ከአሁኑ እየመዘገብክ ለምታምነው ሰው አንድ ኮፒ ስጥ።