ጠዋት ጠዋት ለማይነሳው ቦርድህ

ወንድሜ፣ እንደጻፍከው አትሜጋ 328ፒ በተባለው የመቆጣጠሪያ ቺፕ ላይ የሥራ ምቱን (ክሎኩን) የሚሰጠውን 16 ሜጋኸርዝ ክሪስታል ገጥመሃል። ቀን ይሠራል፣ ጠዋት ሲበርድ አይነሳም፣ ክሪስታሉን በጣትህ ስትነካው ይነሳል። ሦስት ክሪስታል ቀይረሃል። አራተኛውን አትግዛ።

እኔ ደብረ ብርሃን ነኝ። ለአንዲት ጎረቤቴ የጫጩት መፈልፈያ መቆጣጠሪያ ሠርቼላት በዚሁ ጣጣ ተንገብግቤያለሁ። የኛን የኅዳር ውርጭ ታውቀዋለህ። መብራት ሌሊት ሄዶ ንጋት ላይ ሲመጣ ቦርዱ ድርቅ ይላል። እሷም ክዳኑን ከፍታ በጣቷ መነካካት ለምዳ ነበር! ባትሪው የደከመ መኪና ተገፍቶ እንደሚነሳው ማለት ነው። በጣት የሚነሳ ሰርኪዩት ጫፍ ላይ የቆመ ሰርኪዩት ነው።

ቦርዱን ገልብጬ ሳየው በክሪስታሉ ሁለት እግሮች መካከል የብየዳው ፍላክስ (ብየዳው እንዲይዝ የሚረዳው ቅባት) እንደ ሙጫ ቢጫ ሆኖ ተጋግሯል። ላዩ ላይ ጤዛ። እዚያ ያለው ሲግናል ደካማ ስለሆነ ትንሽ እርጥበት ያፈሰዋል። በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ ፈትጌ በደንብ አደረቅኩት። ተሻለው፣ ግን አልዳነም።

የቀረው ጥፋት የኔው ነው። ከክሪስታሉ ሁለት እግሮች ወደ ግራውንድ የሚገቡትን 22 ፒኮፋራድ ካፓሲተሮች ሳጣ 47 ለጥፌ ነበር። ሁለት እኩል ካፓሲተሮች በተከታታይ ግማሽ ይሆናሉ፣ 23.5። የቦርዱና የቺፑ እግር የራሳቸው ካፓሲታንስ፣ ወደ 5 ፒኮፋራድ፣ ሲደመርበት 28.5። ክሪስታሌ የሚፈልገው ጭነት ግን 18 ፒኮፋራድ ነበር። ጭነቱ ሲበዛ ቺፑ ለማስነሳት አቅም ያንሰዋል። ከ18 ላይ 5 ቀንሰህ በ2 ስታባዛ 26 ይመጣል፤ 27 አስገባሁ፣ አበቃ። አንተም የክሪስታልህን ዳታሺት (የአምራቹን መግለጫ) አይተህ አስላ እንጂ ሰው 22 አለ ብለህ 22 አትለጥፍ።

በኦሲሎስኮፕ (ሲግናሉን በስክሪን በሚያሳየው መለኪያ) ስትለካ ደግሞ ፕሮቡን፣ ማለትም መንኪያ ዘንጉን፣ ሲግናሉን ሳይቀንስ በሚያሳልፈው 1ኤክስ ላይ እንዳታደርገው። ወደ 100 ፒኮፋራድ ስለሚጨምር ራሱ ያቆመዋል። አንድ ቅዳሜ ሙሉ በዚህ ተሸውጃለሁ። የክሎክ መውጫውን ፊውዝ (ቺፑ ውስጥ የሚቀመጥ ቅንብር ነው) ፕሮግራም አድርገህ ፒቢ0 በተባለው የቺፑ እግር ላይ ለካ።

ከዚያ ቺፑ ክሪስታሉን ለማስነሳት ትርፍ አቅም እንዳለው ፈትነው። የክሪስታልህ የውስጥ ሬዚስታንስ ቢበዛ 40 ኦም ከሆነ፣ 5 እጥፉን ማለትም 200 ኦም ከክሪስታሉ ጋር በተከታታይ አስገባ። ቦርዱን ማታ በረንዳ ላይ አሳድረውና ንጋት ላይ አብራው። ከተነሳ ሬዚስተሩን አውጥተህ ክዳኑን ግጠም። እምቢ ካለህ የፊውዙን ምርጫ ክሪስታሉን በበለጠ ኃይል ወደሚነዳው ፉል ስዊንግ ቀይረህ እንደገና አሳድረው።