ጠማማውን ጣውላ በክላምፕ አይጫኑት፤ ከሥሩ ይደግፉት

ጠያቂያችን «በሲኤንሲ (በኮምፒውተር በሚመራ የመቅረጫ ማሽን) ዋንዛ ላይ ሐረግ ስቀርጽ በአንዱ ጎን ጠልቆ ይወጣል፣ በሌላው ጎን ግን ጭረት ብቻ ነው፤ የተበላሸው ማሽኑ ነው ወይስ ዲዛይኑ?» ብለው ለጠየቁት መልሴ አጭር ነው፤ ሁለቱም ደኅና ናቸው፣ ያልተስተካከለው የጣውላዎ አቀማመጥ ነው። ነገሩን አስፍቼ የምጽፈው ይህንኑ ለማወቅ አንድ የዋንዛ ገበታ፣ አንድ ቢት (የማሽኑ መቁረጫ ጫፍ) እና የአንድ ሰበካ ጉባኤ አመኔታ ስለከፈልኩበት ነው። ስለ ፋይል አዘገጃጀትና ስለ ቢት ምርጫ አላነሣም፤ ሐረግ እስከ መቅረጽ የደረሰ ሰው ያንን ያውቀዋል። የእርስዎም ሁኔታ የእኔው እንደሚሆን እገምታለሁ፦ ከሦስት ጣውላ በኮላ የተጋጠመ ገበታ፣ ከክረምት በፊት የተገዛ፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ ተኝቶ የከረመ። እንዲህ ያለው ገበታ ከሥሩ እርጥበት ስቦ ስለሚያብጥ ጠርዞቹ ወደ ላይ ይነሣሉ።

1. ውሃ ልክዎን ወደ ቦታው ይመልሱ። ውሃ ልክ የሚነግርዎ ጣውላው ከምድር ጋር ያለውን ሁኔታ ነው፤ ስፒንድሉ (ቢቱን ይዞ የሚያሽከረክረው ክፍል) ግን የሚጓዘው በማሽኑ ሐዲድ ላይ ነው። ማሽኑ ራሱ ዘመም ባለ ወለል ላይ ከቆመ የውሃ ልኩ አረፋ መሀል ላይ ቆማ ሥራው ሊበላሽ ይችላል። ይልቅስ ስፒንድሉን አጥፍተው፣ ያረጀ ቢት አስረው፣ በአራቱ ማዕዘንና በመሀል በየተራ ዝቅ ያድርጉት። ጣውላው ላይ ያኖሩት ተራ ባለ 80 ግራም ወረቀት ሲጎትቱት ያዝ ማድረግ በጀመረበት ቅጽበት የዜድን ቁጥር (ማሽኑ የሚያሳየውን የቢቱን ከፍታ) ይመዝግቡ። ወረቀቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው የሚወፍረው፤ በአምስቱም ነጥብ ያው ወረቀት ስለሆነ ንጽጽሩን አያዛባም። በእርግጥ የማሽኑ ገበታ ራሱ አስቀድሞ በሰፊ ቢት ተላግቶ መስተካከል አለበት፤ ካልሆነ የሚለኩት የማሽኑን ገበታ ጉድጓድ ነው። በአምስቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት አነስተኛ ቢመስልም አይናቁት። ባለ 90 ዲግሪ ቪ ቢት (ጫፉ እንደ V ፊደል የሾለ) በ1 ሚሊ ሜትር ሲጠልቅ መስመሩ በ2 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ ባለ 60 ዲግሪው ደግሞ በ1.15 ገደማ። የእርስዎ ሐረግ በአንድ ጎን ገመድ፣ በሌላው ጎን ክር የመሰለው ከዚህ የተነሣ ነው።

2. ክፍተቱን ይሙሉት እንጂ ጣውላውን አይጫኑት። እኔን ያስከፈለኝ ይህ ስለሆነ፣ ምክር ብዬ ጀምሬው ወደ ታሪክ ብገባ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ሥራው የአንድ ቤተ ክርስቲያን የቤተ ልሔም በር ነበር። ለዓመታዊው ንግሥ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ገበታው 900 በ450 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 35 ነው፤ መሀሉ ላይ መስቀል፣ ዙሪያውን ሐረግ። ያኔ የራሴ ማሽን ስላልነበረኝ በሰዓት ወደሚያከራይ አንድ ወርክሾፕ ወሰድኩት። የወርክሾፑ ሠራተኛ ልጅ ገበታውን ዘርግቶ ውሃ ልክ አኖረበትና «ልክ ነው» አለ። እኔ ግን አንዱ ማዕዘን መነሣቱን አይቻለሁ፤ ጣቴን ሰድጄ ነካሁት፣ 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። «ከሥሩ አንድ ነገር እናስገባለት» ብል የወርክሾፑ ባለቤት ከወዲያ ማዶ ሆነው «እኛ በመሮ አይደለም የምንሠራው፤ ክላምፑ (ማሰሪያው) ያስተኛዋል» አሉኝ። አሥራ አምስት ዓመት በመሮና በመዶሻ መስቀል ስቀርጽ ለኖርኩ ሰው ይህ ስድብ ነው። መልስ ነበረኝ፤ ነገር ግን ማሽኑ የእርሳቸው፣ ሰዓቱም የሚቆጥረው በእኔ ላይ ስለሆነ ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ ዝምታ ነው።

ክላምፑ ሲጠብቅ ማዕዘኑ እየተንቋቋ ወረደ፤ ለዓይን ሲታይ የተስተካከለ መሰለ። የተወላገደ እንጨት ግን በጉልበት ሲተኛ እንደ ተወጠረ ቀስት ነው፤ እስኪለቁት ይጠብቃል። ስፒንድሉ ለሁለት ሰዓት ሲያንቀጠቅጠው የክላምፑ ብሎን ቀስ በቀስ ላልቶ ኖሮ፣ ቢቱ የመስቀሉን ሦስተኛ ክንድ ሲጀምር ማዕዘኑ ዘሎ ተነሣ። 4 ሚሊ ሜትር መቅረጽ የነበረበት ቢት በአንድ ጊዜ 8 ገባ፤ ተሰበረም፤ ጫፉ እንጨቱ ውስጥ ቀረ። ባለቤቱ መጥተው አዩና «እንጨትህ ነው ጠማማው» ብለው የሁለት ሰዓት ከሩብ ኪራይና የቢቱን ዋጋ አስከፈሉኝ፤ ደረሰኝ ስጠይቃቸው ሳቁብኝ። እንጨቱ ጠማማ መሆኑንማ ከእርሳቸው በፊት የተናገርኩት እኔ ነበርኩ። ዋንዛን እንደገና ማግኘትም ቀላል አይደለም፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር ከተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር፣ ገበያ ላይ የሚገኘውም ደረቁና ሰፊው ጥቂት ነው። ለሰበካ ጉባኤው ሽማግሌዎች በሩ እንደማይደርስ ስነግራቸው የሰጡኝን መልስ እዚህ አልጽፈውም።

መደረግ የነበረበት እንዲህ ነው። የተወላገደ ገበታ በሁለት ተቃራኒ ማዕዘኖች ላይ ቆሞ በእጅ ሲጫኑት ይወዛወዛል። በአንደኛው ማዕዘን ሥር ያን 4 ሚሊ ሜትር በሙሉ መክተት አይገባም፤ ገበታውን በውዝዋዜው መካከል ይዞ በሁለቱም የተነሡ ማዕዘኖች ሥር 2፣ 2 ሚሊ ሜትር ማስገባት ነው። እንዲህ ሲሆን ከላይ የሚላጨውም እንጨት ያንሳል። የጎበጠ ከሆነና ሆዱ ወደ ታች ካረፈ ሁለቱን ጠርዞች እኩል ይደግፉ፤ ሆዱ ወደ ላይ ከሆነ ግን በጠርዞቹ ቆሞ መሀሉ ባዶ ስለሚሆን፣ ቢቱ ሲጫነው እየረገበ ይንቀጠቀጣልና መሀሉን ይሙሉ። ክላምፑ ሁልጊዜ በድጋፉ አናት ላይ ይረፍ፤ በሁለት ድጋፎች መካከል ካሰሩት ያንኑ ቀስት መልሰው ወጠሩት ማለት ነው።

ለድጋፍ የምጠቀመው ከጠንካራ እንጨት ትርፍራፊ ራሴ የምሠራቸውን ሽብልቆች ነው። ርዝመታቸው 120፣ ወፍራም ጫፋቸው 6 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱን ቀጭን ጫፋቸውን በተቃራኒ አድርጌ ስደራርባቸው ላያቸው ከማሽኑ ገበታ ጋር ትይዩ ይሆናል፤ አንዱን በሌላው ላይ 20 ሚሊ ሜትር ስገፋው ቁመታቸው 1 ሚሊ ሜትር ይጨምራል። አንዱን ሽብልቅ ብቻውን ከከተቱት ግን ጣውላው በጠርዙ ላይ ብቻ ስለሚያርፍ ይንሸራተታል። ለጥቃቅን ልዩነት ሲም ካርድ ተፈልቅቆ የሚወጣበት ትልቁ ፕላስቲክ ተስማሚ ነው፤ ውፍረቱ 0.76 ሚሊ ሜትር ነው፣ አይጨመቅም፣ በየሱቁ ደጃፍ ወድቆ ይገኛል። ከዚያ በታች ላለው ወረቀት ይደርቡ። ካርቶን ግን አደራ፤ ጠዋት 3 ሚሊ ሜትር የነበረው ከሰዓት በኋላ 2 ሆኖ ያገኙታል። ብረትም ቢቱ ሊደርስበት በሚችል ስፍራ አይግባ፤ በተለይ ጣውላውን በስቶ የሚያልፍ ቆረጣ ካለዎት። ሽብልቆቹን በማጣበቂያ ፕላስተር ይያዟቸው፤ በንቅጥቅጡ እየተንፏቀቁ ሲወጡ በዓይኔ አይቻለሁ። የኔዎቹ ዛሬ እያንዳንዳቸው ልካቸው ተጽፎባቸው በአንድ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ ይኖራሉ፤ ሲኤንሲ ያላቸው ጎረቤቶቼ እየመጡ ይዋሷቸዋል። ቀድሞ የሳቁብኝ ሰው ሠራተኛም አንድ ቀን ለመዋስ መጥቶ ነበር፤ ሰጥቼዋለሁ።

3. ድጋፍ ሁሉን ነገር አይፈታም። ከቀረጻው በኋላ ገበታው የበር ማቀፊያ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ጀርባውም ቀጥ ማለት አለበት። መላጊያ ማሽን ውስጥ ቢያስገቡት ጎማዎቹ ተጭነው ያስተኙትና ሲወጣ መልሶ ይወላገዳል፤ ያው የክላምፑ ታሪክ ነው። ሁለተኛውን ገበታ ስሠራ፣ በሌላ ወርክሾፕ፣ በሽብልቅ እንደተደገፈ ክላምፕ ሳላጠብቅበት የላይኛውን ገጽ በሰፊ ቢት 2 ሚሊ ሜትር ያህል አስላጨሁት። ከዚያ ገልብጬ የተላጨውን ፊት ያለ ምንም ድጋፍ በቀጥታ ማሽኑ ላይ አስተኛሁና ሌላውን ገጽ አስላጨሁ። ከ35 ወደ 31 ሚሊ ሜትር ወረደ፤ ለአንድ ሌሊት በቀጫጭን እንጨቶች ላይ አቁሜ አየር በሁሉም ጎን እንዲያገኘው አደረግሁ፤ በማግስቱ አምስቱን ነጥብ ስለካ ትልቁ ልዩነት 0.2 ነበር። ሐረጉ ከዳር እስከ ዳር አንድ ውፍረት ሆኖ ወጣ። በሩ የደረሰው ግን ንግሡ ካለፈ ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ነው፤ ሽማግሌዎቹም ሲረከቡኝ የተመለከቱት ቀን መቁጠሪያውን እንጂ ሐረጉን አልነበረም።

እርስዎ እስካሁን ገበታውን ካልጣሉት ገና አልረፈደም፤ ቀረጻው ከተበላሸበት ገጽ በታች በቂ ውፍረት ካለዎት ተላጭቶ እንደገና ሊቀረጽ ይችላል። ከማሰርዎ በፊት የአምስቱን ነጥቦች ቁጥርና የገበታውን ውፍረት እዚህ ይጻፉልኝ፤ የትኛው ማዕዘን ሥር ምን ያህል እንደሚገባ አብረን እናሰላዋለን።