ሂሳብ እና ሒሳብ፦ ኮድ ለሚጽፉ የጎጃም አንባቢዎች መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ከጎጃም ከተሞች የደረሱን ናቸው። አብዛኞቹ ጠያቂዎች ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሚጽፉት ቪኤስ ኮድ ወይም ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ በሚባሉ ኤዲተሮች (የኮድ መጻፊያ ፕሮግራሞች) ስለሆነ መልሶቹም በእነዚሁ ላይ ያተኩራሉ። የጠቀስናቸው ቁልፎች በዊንዶውስ የሚሠሩት ናቸው።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ በደንብ ይሠራ የነበረ የፓይተን ፕሮግራሜ ጓደኛዬ ሦስት መስመር ጨምሮበት ከመለሰልኝ ወዲህ «ታብኤረር» እያለ አልነሳ አለኝ። መስመሮቹ በዓይን ሲታዩ እኩል ናቸው። ጥፋቱ የት ነው?

መልስ፦ እኩል የሚመስሉት ኤዲተሩ አንዱን ታብ በአራት ስፔስ ስፋት ስለሚያሳይዎ ነው። የጓደኛዎ ኤዲተር መስመር ሲጀምር ታብ ያስገባል፣ የእርስዎ ደግሞ ስፔስ። ፓይተን 3 ሁለቱ ተቀላቅለው የመስመሩ ኢንደንት (በመስመሩ መጀመሪያ ያለው ክፍተት) በታቡ ስፋት የሚወሰን ሆኖ ሲያገኘው አይገምትም፤ ይቆማል።

አንድም መስመር እንደገና ሳይጽፉ መጀመሪያ ይዩት። በቪኤስ ኮድ ኮንትሮልና ኤ ተጭነው ፋይሉን በሙሉ ሲመርጡ ስፔሱ እንደ ነጥብ፣ ታቡ እንደ ቀስት ሆኖ ይወጣል። ቀስት ያለባቸው ሦስት መስመሮች የጓደኛዎ ናቸው። በኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ይህንኑ «ቪው» ስር «ሾው ሲምቦል» ውስጥ ያገኙታል።

ቀጥሎ በቪኤስ ኮድ መስኮቱ ግርጌ በስተቀኝ «ስፔስስ 4» ወይም «ታብ ሳይዝ 4» የሚለውን ይጫኑ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። የታቡ ስፋት 8 ሆኖ ሳለ ወደ ስፔስ ከለወጡ እያንዳንዱ ታብ ስምንት ስፔስ ይሆንና «ኢፍ» ስር የነበረው መስመር ሌላ ቦታ ይገባል። ስለዚህ በመጀመሪያ የታብ ስፋቱን 4 ያድርጉ፣ መስመሮቹ መሰለፋቸውን በዓይን ያረጋግጡ፣ ከዚያ «ኮንቨርት ኢንደንቴሽን ቱ ስፔስስ» የሚለውን ይምረጡ። አራት ስፔስ የፓይተን የአጻጻፍ መመሪያ የሚመክረውም ነው።

በኖትፓድ ፕላስ ፕላስ «ኤዲት»፣ «ብላንክ ኦፕሬሽንስ»፣ «ታብ ቱ ስፔስ» ብለው ይሂዱ። ይኼኛው ግን በጥቅስ ውስጥ ያለውንም ታብ ይለውጣል። ፕሮግራምዎ ዓምዶችን በታብ የሚለይ ከሆነ ፋይሉን በሙሉ ሳይሆን ችግር ያለባቸውን መስመሮች ብቻ ያርሙ። ቪኤስ ኮድ የሚነካው የመስመር መጀመሪያን ብቻ ነው። ሜክፋይል የሚባለውን፣ የፕሮግራም መገንቢያ ትእዛዞች የሚዘረዘሩበትን ፋይል ግን በየትኛውም ኤዲተር አይለውጡት፤ እሱ ታብ ካላገኘ አይሠራም።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ የእህል ንግድ መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም አለኝ። «ፕራይስ» የሚለውን ስም «ዩኒት ፕራይስ» ለማድረግ ሁሉንም በአንዴ ሪፕሌስ ሳደርግ «ቶታል ፕራይስ» የነበረውም አብሮ ተለወጠ፤ ዳታቤዙም የማላውቀውን ዓምድ ጠየቅከኝ አለ።

መልስ፦ አሁኑኑ ኮንትሮልና ዜድ ይጫኑ። በአንድ ፋይል ውስጥ «ሪፕሌስ ኦል» ያደረገው ሁሉ በአንድ እርምጃ ይመለሳል፤ ፋይሉ እስካልተዘጋ ድረስ ሴቭ ቢያደርጉትም ይመለሳል።

ሪፕሌስ የሚያየው የፊደል ድርድር ነው። ያ ድርድር የተለዋዋጭ (ዋጋ የሚያዝበት) ስም ይሁን፣ የሌላ ስም ጅራት ይሁን፣ በጥቅስ ውስጥ ያለ የዳታቤዝ ዓምድ ይሁን አይለይም። ስለዚህ በቪኤስ ኮድ ስም ለመለወጥ ትክክለኛው መሣሪያ ኤፍ 2 ነው። ጠቋሚውን ስሙ ላይ አድርገው ኤፍ 2 ይጫኑ፣ አዲሱን ስም ይጻፉ፣ ኢንተር ይበሉ። የፓይተን ኤክስቴንሽን ከተጫነ ኤዲተሩ ኮዱን እንደ ኮድ አንብቦ የዚያን ተለዋዋጭ መገኛዎች ብቻ ይለውጣል። «ቶታል ፕራይስ»ን አይነካም፤ በጥቅስ ውስጥ ያለውን የዓምድ ስምም አይነካም። የዳታቤዙም ዓምድ እንዲለወጥ ከፈለጉ ያንን ለብቻው ያድርጉት።

ኤፍ 2 በማይሠራበት ቦታ፣ ለምሳሌ በጽሑፍ ፋይል ላይ፣ ኮንትሮልና ዲ አለልዎ። በተጫኑት ቁጥር ቀጣዩን ተመሳሳይ ቃል ይመርጣል፤ አንዱን ለመዝለል ኮንትሮልና ኬ፣ ቀጥሎ ኮንትሮልና ዲ። አንድ የማይታወቅ ልዩነት እዚህ አለ፦ ጠቋሚውን ቃሉ ውስጥ አቁመው ምንም ሳይመርጡ ከጀመሩ ሙሉ ቃሉን ብቻ ይፈልጋል። በማውስ ቀብተው ከጀመሩ ግን በሌላ ቃል ውስጥ ያለውንም ቁራጭ ይይዛል። ብዙዎች «አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ያበላሻል» የሚሉት ይህንን ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ሥራ ቆጣቢ ነገር እንጨምር። ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ በቆሎ፣ ገብስ፣ ኑግ እያለ በየመስመሩ የተዘረዘረ የእህል ስም ከኤክሴል ገልብጠው የፓይተን ዝርዝር ማድረግ ቢፈልጉ፣ መስመሮቹን በሙሉ መርጠው ሺፍት፣ ኦልትና አይ ይጫኑ። በየመስመሩ መጨረሻ አንዳንድ ጠቋሚ ይቆማል። የጥቅስ ምልክትና ኮማ ይጻፉ፣ ሆም ይጫኑ፣ የመክፈቻውን ጥቅስ ይጻፉ፣ በኤስኬፕ ይውጡ። መስመሩ ሃያ ቢሆን ሁለት መቶ ድካሙ አንድ ነው።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ በአማርኛ የጻፍኩት ኮመንት (በኮዱ ውስጥ ያለ ማስታወሻ) እና መልእክት በሌላ ኮምፒውተር ስከፍተው እንግዳ ምልክት ሆነብኝ። ሴቭ አድርጌ ልሞክረው?

መልስ፦ ሴቭ አያድርጉ! በመጀመሪያ ምልክቱ ምን እንደሚመስል ይመልከቱ፤ ሦስት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው።

በአንድ የአማርኛ ፊደል ፈንታ ሁለት ሦስት እንግዳ ምልክት ከመጣ፣ ከመካከላቸውም በላዩ ጭረት ያለበት የላቲን ኤ እየተደጋገመ ከታየ፣ ጽሑፍዎ በሕይወት አለ። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው ኢንኮዲንግ (ፊደልን በባይት የመጻፊያ ሥርዓት) አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ ኤዲተሩ ሦስቱን ባይት ለየብቻ እያነበበ ነው ማለት ነው። በቪኤስ ኮድ ግርጌ ያለውን የኢንኮዲንግ ስም ተጭነው «ሪኦፕን ዊዝ ኢንኮዲንግ»፣ ከዚያ ዩቲኤፍ 8 ይምረጡ። ጎን ለጎን ያለው «ሴቭ ዊዝ ኢንኮዲንግ» ሌላ ነገር ነው፤ የተበላሸውን ንባብ በፋይሉ ላይ ይጽፍበታል።

ፊደሎቹ ባዶ ሳጥን ከሆኑ የጎደለው ፎንት ብቻ ነው። ኒያላ፣ ኤብሪማ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን በኤዲተሩ የፎንት ዝርዝር መጨረሻ ላይ ይጨምሩ።

የጥያቄ ምልክት ብቻ ተደርድሮ ከታየ ግን ጽሑፉ ጠፍቷል። አንድ ሰው ፋይሉን ግዕዝ በማይዝ ኢንኮዲንግ ሴቭ አድርጎታል፤ ከቀድሞ ቅጂ በቀር መመለሻ የለውም። የድሮው የዊንዶውስ ኖትፓድ በራሱ ሲተው አንሲ በሚባለው ይይዝ ነበር፤ ማስጠንቀቂያውን ሳያነብ «ኦኬ» ያለ ሰው አማርኛውን በሙሉ ያጣል። ዩቲኤፍ 8 የኖትፓድ መደበኛ የሆነው በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣው የዊንዶውስ 10 እድሳት ነው።

ኤዲተሩ ከተስተካከለ በኋላም ፓይተን በዊንዶውስ ላይ ፋይል ሲከፍት ኢንኮዲንጉን በግልጽ ካልነገሩት የራሱን ይመርጣል። «ኦፕን» ባሉበት ሁሉ ዩቲኤፍ 8 ብለው ይጻፉለት።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ ተማሪዎቼ እንዲቀላቸው የተለዋዋጭ ስሞችን በአማርኛ እንጽፋለን። ፕሮግራሙ ስህተት ሳይል የተሳሳተ ድምር ያወጣል። አንዳንዴም ትክክል የሚመስል መስመር ላይ «ሲንታክስ ኤረር» ይላል።

መልስ፦ ፓይተን 3 የአማርኛ ስም ይቀበላል፤ ችግሩ እዚያ አይደለም። ችግሩ በቅኔ ቤት አገር ለሚኖር ሰው ባዳ አይሆንም። የቅኔ መምህር ሃሌታው ሀን ከሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑን ኀ ከሁለቱ፣ ንጉሡን ሠ ከእሳቱ ሰ ይለያሉ። ኮምፒውተሩም እንደዚያው ነው፤ በድምፅ አንድ የሆኑትን በመልክ ይለያቸዋል። ከላይ «ሂሳብ» ዜሮ ነው ብላችሁ ከታች «ሒሳብ» ላይ አዲስ ዋጋ ብታስቀምጡ፣ ፓይተን ሁለተኛውን እንደ አዲስ ተለዋዋጭ ፈጥሮ ዝም ይላል። ዝም ስለሚል ነው ከባዱ። መጨረሻ ላይ «ሂሳብ» ሲታተም አሁንም ዜሮ ነው።

ለማግኘት ሁለት መንገድ አለ። ፈጣኑ ጠቋሚውን «ሂሳብ» ላይ ማቆም ነው፤ ኤዲተሩ ያንኑ ቃል በፋይሉ ውስጥ ሁሉ ያደምቀዋል፤ ሳይደምቅ የቀረው ወንጀለኛው ነው። አስተማማኙ ግን በቪኤስ ኮድ የፍለጋ ሳጥን ውስጥ ኦልትና አር ተጭኖ ሬጌክስን (በንድፍ የመፈለጊያ ዘዴን) ማብራትና እንዲህ ብሎ መፈለግ ነው፦

[ሂሒኂ][ሳሣ]ብ

በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ያለው «ከእነዚህ አንዱ» ማለት ነው። «ፀሐይ» ለሚለው [ጸፀ][ሀሃሐሓኀኃ]ይ፣ «ኃይል» ለሚለው [ሀሃሐሓኀኃ]ይል ይሆናል። የትኛው አጻጻፍ ትክክል ነው የሚለውን ለአማርኛ መምህሩ ትተን፣ ለኮዱ ግን አንዱን መርጣችሁ ሁሉንም ወደዚያው አምጡ። ከዚያ በኋላ ስሙን በእጅ አትጻፉት፤ ሁለት ፊደል ጽፋችሁ ኤዲተሩ ከሚያቀርበው ዝርዝር ምረጡ።

«ሲንታክስ ኤረር» የሚለው ደግሞ የሥርዓተ ነጥብ ጉዳይ ነው። የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ ሳይቀየር ሲቀር ከ«ኢፍ» መስመር መጨረሻ በላቲኑ ኮለን ፈንታ የእኛ ሁለት ነጥብ (፡) ይገባል። በትንሽ ፎንት ሁለቱ አይለዩም። በሬጌክስ [፠-፨] ብላችሁ ብትፈልጉ በፋይሉ ያሉት የግዕዝ ነጥቦች ሁሉ ይወጣሉ። «ሪፕሌስ ኦል» ግን አታድርጉ፤ በኮመንትና በጥቅስ ውስጥ ያለው ። እና ፣ በቦታው ነው። ኢንተር እየተጫናችሁ አንድ በአንድ እለፉ።

ሁለት ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ፩ ወይም ፪ ብሎ የሚገባ ተጠቃሚ ካለ፣ ፓይተን ፩ን አሃዝ ነው ብሎ ይመሰክርና ወደ ቁጥር ለውጠው ሲባል እምቢ ይላል፤ በ1 እና በ2 ማስገባት ይሻላል። በተጨማሪም የግዕዝ ፊደል ከላቲኑ ስለሚሰፋ በማውስ ዓምድ መምረጥ ይጣመማል፤ በአማርኛ ኮድ ላይ ኮንትሮልና ዲ ይሻላችኋል።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ ባትሪ በሌለው ኮምፒውተር ነው የምሠራው፤ መብራት ሲሄድ ሥራዬ ይጠፋል።

መልስ፦ በቪኤስ ኮድ «ፋይል» ስር «ኦቶ ሴቭ»ን ያብሩ፤ መጻፍ ካቆሙ ከአንድ ሴኮንድ በኋላ ይይዛል። ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ካልነኩት በየ7 ሴኮንዱ ምትኬ ያስቀምጣል። የትናንቱን መልክ ለማግኘት ደግሞ በቪኤስ ኮድ የፋይሎች ዝርዝር ግርጌ ያለውን «ታይምላይን» ይክፈቱ፤ ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባሉት እትሞች ሴቭ የተደረገው በሰዓቱ ተመዝግቦ ይቆያል።

ጥያቄ (ከእንጅባራ)፦ ቪም መማር አለብኝ? አንድ ጊዜ ገብቼ መውጣት አቅቶኛል።

መልስ፦ ሩቅ ያለ ሰርቨር ላይ በደካማ ኔትወርክ የሚሠሩ ከሆነ አዎ፤ በራስዎ ላፕቶፕ ብቻ ከሆነ መቸኮል አያስፈልግም። ብራም ሙሌናር በ1991 እ.ኤ.አ. ያወጣው ይህ ኤዲተር ማውስ አይፈልግም። «ቪምቲውተር» የሚባለው አብሮት የሚመጣ ትምህርትም ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ይወስዳል። ለመውጣት ኤስኬፕ ይጫኑ፣ ቀጥሎ የላቲኑን ኮለን፣ ኪው፣ ቃለ አጋኖ፣ ከዚያ ኢንተር፤ ይህ ለውጡን ጥሎ ይወጣል። በኪው ፈንታ ደብሊውና ኪው ካሉ ይዞ ይወጣል። የቁልፍ ሰሌዳዎ አማርኛ ላይ ከሆነ ግን ኮለኑ ሁለት ነጥብ፣ ኪውም «ቅ» እየሆነ ቪም ትእዛዝዎን አይሰማም፤ መውጣት ያቃታቸው ብዙ ሰዎች የተያዙት በዚህ ስለሆነ መጀመሪያ ሰሌዳውን ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱ።