በግሪን ካርድ የመንግሥት ኮንትራት ይቻላል ወይ ላልሽው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤዋለሁ። ሜሪላንድ ውስጥ ከባለቤትሽ ጋር የጽዳት ድርጅት ከከፈታችሁ ገና ዓመት አልሞላም። ያለሽ ግሪን ካርድ ነው። አንድ ሰው «ኤይት ኤ አስወጣልሻለሁ» ብሎ ብዙ ሺህ ዶላር ጠይቆሻል፤ ልክፈል ወይ ነው ያልሽው። አትክፈይ። እኔም እዚሁ በጽዳት ሥራ ላይ ነኝ፤ በስቴቱ ሰርተፊኬት ነው የምሠራው። የማውቀውን ልንገርሽ።

ኤይት ኤ (8(a)) ኤስቢኤ የሚባለው የፌዴራሉ የትንንሽ ንግዶች መሥሪያ ቤት፣ ዕድል ያነሳቸው ሰዎች ድርጅቶች የመንግሥት ኮንትራት እንዲያገኙ የሚያግዝበት ፕሮግራም ነው። የድርጅቱ ባለቤት የአሜሪካ ዜጋ መሆን አለበት። ድርጅቱም በመደበኛው ሁለት ዓመት የሠራ መሆን ይጠበቅበታል። ሰውየው የሚሸጥልሽ አሁን ልታገኚው የማትችይውን ነገር ነው። ዜግነት ስታገኚም አትቸኩይ። ፕሮግራሙ 9 ዓመት ነው የሚቆየው፤ የሚሰጥሽም አንዴ ብቻ ነው። ሥራ የመያዝ አቅም ሳይኖርሽ ከገባሽ ዓመታቱ በከንቱ ይነጉዳሉ።

ላንቺ አሁን የተከፈተው በር ስቴቱ ነው። የሜሪላንድ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ለአናሳ ወገኖችና ለሴቶች ድርጅቶች የሚሰጠው ኤምቢኢ የሚባል ሰርተፊኬት ግሪን ካርድ ይቀበላል፤ ማመልከቻውም ነጻ ነው። ስቴቱ በአጠቃላይ 29 በመቶ የሚሆነውን የኮንትራት ገንዘብ ለኤምቢኢ የማድረስ ግብ አለው። ስለዚህ ብዙ ትልልቅ ጨረታዎች ላይ ዋናው ተቋራጭ ከሥራው የተወሰነውን ለኤምቢኢ እንዲያካፍል ይጠየቃል። ያኔ እነሱም አንቺን ይፈልጉሻል። እስከዚያው ድረስ «ኢማ» በሚባለው የስቴቱ የግዢ ድረ ገጽ ተመዝገቢ። ለትንንሽ ድርጅቶች ብቻ የተተወ ጨረታ አለ፤ ለእሱ የሚያበቃሽን ምዝገባ እዚያው ራስሽ ትሞይዋለሽ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። የኛን ሰው በጣም የሚያስቸግረው የመነሻ ገንዘቡ ነው። የኤምቢኢ ማመልከቻሽን የሚያዩት መርማሪዎች ድርጅቱ የተከፈተበት ገንዘብ ከየት እንደመጣ በወረቀት ማየት ይፈልጋሉ። እኛ ደግሞ ግማሹን ከእቁብ፣ ግማሹን ከእህት ከወንድም ነው የምናገኘው። ደረሰኝ የለውም። የእኔም የእቁብ ነበር። የእቁቡ ሰብሳቢ ደብዳቤ ጻፉልኝ፤ ስንት ሰው እንዳለበት፣ በየወሩ ስንት እንደምጥል፣ መቼ እንደደረሰኝ። ደብዳቤውን ኖታሪ አስደረግሁት። ገንዘቡ ባንክ የገባበትንና ከዚያ መሣሪያ የተገዛበትን ወረቀት አያያዝኩ። ተቀባይነት አገኘ። ከዘመድ የተሰጠሽ ካለም ስጦታ ይሁን ብድር በጽሑፍ ይታወቅ። ይህን ከአሁኑ አሰባስቢው፤ በኋላ ሰው ፈልጎ ማስፈረም አድካሚ ነው።

ሁለተኛው ሥራውን ማን ነው የሚመራው የሚለው ነው። ቢሮሽ ድረስ ይመጣሉ። ዋጋ የሚያወጣው ማነው? ሠራተኛ የሚቀጥረውና የሚያሰናብተውስ? ቼክ ላይ የሚፈርመው? በሴት ባለቤትነት ማመልከት ከፈለግሽ ቢያንስ 51 በመቶው ያንቺ ይሁን፤ መልሱም በእውነት «እኔ» ይሁን። የባለቤትሽን እገዛ የሚከለክል የለም። ስምሽ ወረቀት ላይ ብቻ ሆኖ ሥራው የእሱ ከሆነ ግን ይደርሱበታል። ማስመሰል በሕግም ያስጠይቃል።

ሰርተፊኬቱን ብቻ ይዞ መቀመጥ ሥራ አያመጣም። እኔ የመጀመሪያ ሥራዬን ያገኘሁት ከጨረታ በፊት በሚደረግ ስብሰባ ላይ ነው። እዚያ ማን ሊወዳደር እንደመጣ ታያለሽ። ካርድሽን ስጪ፣ በነጋታው ደውዪ፣ የስንት ካሬ ሕንፃ ማጽዳት እንደምትችይ ንገሪያቸው። ዋጋ ስታወጪ ግን የሜሪላንድን የሊቪንግ ዌጅ ሕግ አጣሪ፤ ብዙ የስቴት የአገልግሎት ኮንትራቶች ላይ ከመደበኛው ዝቅተኛ ደመወዝ በላይ ያስከፍላል። ክፍያውም ደረሰኝ ካስገባሽ በኋላ ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ሠራተኛ ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ ይከፈለዋል። ቢያንስ የሁለት ወር ደመወዝ በእጅሽ ሳይኖር ትልቅ ሕንፃ አትያዢ።

ማመልከቻውን የሚያግዝሽ ሰው ከፈለግሽ ኤፔክስ አክሰለሬተር የሚባሉ ማዕከላት አሉ፤ ድሮ ፒታክ ይባሉ ነበር። በነጻ ያማክሩሻል። ለፌዴራል ሥራ የሚያስፈልገው፣ ሳም (SAM) በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ የሚደረገው ምዝገባም ነጻ ነው፤ በኢሜይል ገንዘብ የሚጠይቁሽን አትመልሺላቸው። የእቁቡን ደብዳቤ ናሙና ከፈለግሽ በውስጥ ጻፊልኝ፣ ስሞቹን አጥፍቼ እልክልሻለሁ።