የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ያዘነበለ ካራቫን እንዴት ይስተካከላል?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የመጽሔቱ አዘጋጆች፣ በጅማ ከተማ የሄርማታ አካባቢ ነዋሪ ስሆን ጎብኚዎችን ወደ ጅሬን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ ወደ ቦዬ ረግረግና ወደ ቦንጋ ደኖች በማጓጓዝ ሥራ እተዳደራለሁ። በቅርቡ በላንድክሩዘር የሚጎተት፣ ባለ አንድ አክስል ያገለገለ የመኝታ ካራቫን ገዛሁ። የሚያስቸግረኝ ሜዳ ላይ ማቆሙ ነው። ቦታው ተዳፋት ሲሆን ከመኪናው ፈትተን በአራቱ የማዕዘን እግሮች እያነሣን እናስተካክለዋለን፤ ይሁን እንጂ በሩ አልዘጋ ይላል፣ ከኋላ እግሮቹ አንዱም ጎብጧል። በጋዝ የሚሠራው ማቀዝቀዣ ሌሊቱን ሙሉ ሲነድ አድሮ ጠዋት ውስጡ ለብ ብሎ ይገኛል። ዝናብ ከጣለ ደግሞ ማታ የተስተካከለው ቤት ሲነጋ ወደ አንድ ጎን ዘሞ እናገኘዋለን። መፍትሔው ምንድን ነው?

መልስ፦ የበሩ አልዘጋ ማለትና የእግሩ መጉበጥ ምክንያታቸው አንድ በመሆኑ ከእነርሱ እንጀምር። በማዕዘኖቹ ላይ ያሉት በእጅ እየተዘወሩ የሚወርዱ እግሮች የተሠሩት ቤቱን ለማንሣት ሳይሆን፣ ሰው ውስጡ ሲንቀሳቀስ እንዳይወዛወዝ ደግፎ ለመያዝ ብቻ ነው። ክብደቱን መሸከም ያለባቸው ጎማዎቹና በመጎተቻው ላይ ያለው የፊት ክሪክ ናቸው። አንዱን ማዕዘን በእግሩ ሲያነሡት ሻሲው ይጠመዘዛል፤ ሻሲው ሲጠመዘዝ በላዩ ያረፈው ቀላል ግድግዳ አብሮ ይንጋደዳል፣ የበሩም ክፈፍ ቅርጹን ይለቅና በሩን ይነክሰዋል። ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ በመስኮቶቹና በጣሪያው መጋጠሚያ ላይ ያለው ማሸጊያ ተሰነጣጥቆ ውኃ ማስገባት ይጀምራል፤ ይህም እንደ ጅማ ዝናቡ በሚበዛበት አካባቢ ከአንድ የጎበጠ እግር እጅግ የከፋ ኪሳራ ነው።

ስለዚህ መለወጥ ያለበት የሥራው ቅደም ተከተል ነው። የግራና የቀኙ ልክ የሚስተካከለው ካራቫኑ ገና ከመኪናው ሳይፈታ፣ ዝቅ ባለው ጎማ ሥር ጣውላ በማስገባት ነው። የፊትና የኋላው ልክ ግን ከተፈታ በኋላ በፊት ክሪኩ ይስተካከላል። ክሪኩ አፍንጫውን ከፍና ዝቅ ከማድረግ በቀር የጎን መዛባትን ሊያርም ስለማይችል፣ አስቀድሞ የፈታ ሰው የጎኑን ልክ ለማስተካከል የግድ እንደገና ወደ መኪናው መልሶ መቀጠል አለበት። ማዕዘን ላይ ያሉት እግሮች የሚወርዱት በመጨረሻ ነው፤ መሬቱን ነክተው ጠበቅ እስኪሉ ድረስ ብቻ ይዘወራሉ፣ ከዚያ አያልፉም።

የጣውላውን ውፍረት በግምት መወሰን አያስፈልግም። ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ባለ 1 ሜትር ውኃ ልክ ከግራ ወደ ቀኝ ወለሉ ላይ ያስቀምጡ፤ ዝቅ ያለውን ጫፍ አረፋው መሐል እስኪገባ ድረስ ያንሡትና በጫፉና በወለሉ መካከል የተፈጠረውን ክፍተት ይለኩ። ክፍተቱን በሁለቱ ጎማዎች መካከል ባለው ርቀት ሲያባዙት የሚፈለገው ውፍረት ይገኛል። ለምሳሌ ክፍተቱ 3 ሳንቲ ሜትር፣ የጎማዎቹ ርቀት 1.8 ሜትር ቢሆን ውጤቱ 5.4 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ የ5 ሳንቲ ሜትር ጣውላ በበቂ ሁኔታ ይጠጋዋል። ለፊትና ለኋላውም ስሌቱ ያው ነው፤ ልዩነቱ ክፍተቱ የሚባዛው ከአክስሉ እስከ ክሪኩ ባለው ርቀት መሆኑ ነው። ይህ ርቀት 4 ሜትር ከሆነ ያው የ3 ሳንቲ ሜትር ክፍተት አፍንጫውን 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ማንሣት ወይም ማውረድ ይጠይቃል። ውኃ ልክ በእጅዎ ከሌለ፣ ግንበኛ ልክን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው የሚያሻግርበት ውኃ የተሞላ ብርሃን አስተላላፊ ቀጭን ቱቦ ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል፤ በረጅም ርቀትማ ከአጭር ውኃ ልክ ይልቅ የሚታመን እርሱ ነው።

ጣውላው ከጎማው ስፋት የማያንስ መሆን አለበት፤ ጎማው ግማሽ ጎኑን ብቻ ጣውላ ላይ አሳርፎ ካደረ ሽቦው ሊጎዳ ይችላል። ጅማ በርጩማና የቤት ዕቃ በሚሠሩ አናጢዎቿ የታወቀች ከተማ ስለሆነች፣ ውፍረታቸው 2.5 እና 5 ሳንቲ ሜትር የሆኑ፣ ጎማው ያለ ችግር እንዲወጣባቸው አንደኛው ጫፋቸው ተዳፋት ሆኖ የተላገ ጥቂት ጣውላዎች ማሠራት ለእርስዎ ከባድ አይሆንም። ብሎኬትን ግን በፍጹም አይጠቀሙ። ውስጡ ክፍት ስለሆነ ጎማ ሲጫነው ያለ ማስጠንቀቂያ ይፈርሳል፤ የሚፈርሰውም ብዙውን ጊዜ ሰው ውስጥ ገብቶ ሲንቀሳቀስ ነው።

ጎማው ወደ ጣውላው ሲወጣ ሾፌሩ እየተሳበ ወደፊት ይንዳ፤ ረዳቱም በመስተዋት በሚታይበት ጎን ቆሞ ምልክት ይስጥ እንጂ በካራቫኑና በመኪናው መካከል ወይም ከኋላው አይቁም። ልኩ ሲደርስ የካራቫኑ የእጅ ፍሬን ይያዝና በሁለቱም ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ ይግባ፤ መኪናው የሚፈታው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው። በመንገዶቻችን ላይ በየዳገቱ ተጥለው የሚታዩት ድንጋዮች የሚመሰክሩት ረዳቶቻችን ድንጋይን ታኮ ማድረግ ምን ያህል እንደሚወዱ ነው። ለካራቫን ግን የሾለ የእንጨት ወይም የጎማ ታኮ ይያዙ፤ ክብ ድንጋይ በረጠበ ሣር ላይ ራሱ ይንሸራተታል። ሲነሡ ሥራው የሚገለበጥ ነው፤ መጀመሪያ እግሮቹ ይሰቀላሉ፣ ቀጥሎ መኪናው ይቀጠላል፣ ከዚያ ታኮው ይወጣል፣ በመጨረሻም ከጣውላው ላይ ተነድቶ ይወረዳል።

ወደ ማቀዝቀዣው እንምጣ፤ ልኩ ምን ያህል ጥብቅ መሆን እንዳለበት የሚወስነው በእውነቱ እርሱ ነውና። በጋዝ የሚሠራው ማቀዝቀዣ ሞተርም ሆነ ፓምፕ የለውም። በታሸጉት ቧንቧዎቹ ውስጥ አሞኒያ፣ ውኃና ሃይድሮጅን አሉ። እሳቱ አሞኒያውን ከውኃው ለይቶ ወደ ላይ ያወጣዋል፤ ሥራውን ጨርሶ ከውኃ ጋር የተቀላቀለው ፈሳሽ ደግሞ በራሱ ክብደት ቁልቁል እየፈሰሰ ወደ ማፍያው ይመለሳል። ቧንቧዎቹ ያላቸው ተዳፋት በጣም ትንሽ በመሆኑ ቤቱ ሲያዘነብል ፈሳሹ መንገድ ላይ ይቀራል። እሳቱ ግን መንደዱን አያቆምም፤ ማፍያው ከመጠን በላይ ይግላል፣ ቧንቧውን ከዝገት ለመጠበቅ የተጨመረው ሶዲየም ክሮሜት ይረጋና መተላለፊያውን ይደፍናል። ጉዳቱ የሚጠራቀምና የማይመለስ ስለሆነ ዛሬ ያለ በረዶ ያደረ ማቀዝቀዣ ነገ ሊሠራ ቢችልም፣ በዚሁ ከተደጋገመ አንድ ቀን ጨርሶ ይቆማል።

በስፋት የሚሠራበት ገደብ፣ በማቀዝቀዣው ፊት ለፊት ቆመው ሲያዩት፣ ወደ ግራና ቀኝ እስከ 3 ዲግሪ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላው እስከ 6 ዲግሪ ነው። በ1 ሜትር ውኃ ልክ 3 ዲግሪ ወደ 5 ሳንቲ ሜትር፣ 6 ዲግሪ ደግሞ ከ10 ሳንቲ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ክፍተት ይሰጣል። ልብ ሊሉት የሚገባው ማቀዝቀዣው ብዙውን ጊዜ ጀርባውን ለካራቫኑ የጎን ግድግዳ ሰጥቶ ስለሚቆም የእርሱ ግራና ቀኝ የካራቫኑ ፊትና ኋላ መሆኑን ነው። ስለዚህ ይበልጥ መጠንቀቅ ያለብዎ በፊት ክሪኩ በሚስተካከለው ልክ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ለጎኑ ተጨንቆ ይህንን በዓይን ግምት ያልፈዋል። ውኃ ልኩንም ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን በማቀዝቀዣው በራሱ ወለል ላይ አስቀምጠው ይመልከቱ።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ካልቀዘቀዘ፣ ጥፋቱ ከልኩ ላይሆን ይችላል። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ አየሩ ከቆላው ይልቅ ይሳሳል፤ በዚህ ጊዜ የጋዙ ነበልባል በሚገባ ላይነድ ይችላል። ልዩነቱን ለማወቅ የተስተካከለ ቦታ ላይ በ220 ቮልት ኤሌክትሪክ አንድ ሌሊት ያሠሩት፤ በኤሌክትሪክ ቀዝቅዞ በጋዝ ካልቀዘቀዘ ማቃጠያው ጽዳትና ማስተካከያ ይፈልጋል። ከማቀዝቀዣው ጀርባ ቢጫ ዱቄት ካዩ ወይም የአሞኒያ ሽታ ካሸተቱ ግን ጋዙን ዘግተው፣ በርና መስኮቱን ከፍተው ሰዎቹን ያስወጡ፤ ቧንቧው ፈስሷል ማለት ነው።

በዝናብ ሌሊት የሚደርሰው መዝመም የቦታ ምርጫ ጉዳይ ነው። በጅማ ዙሪያ በኮረብታው ላይ የሚገኘው ቀይ አፈር ውኃ በተሻለ ሁኔታ ያሳልፋል፤ በዝቅተኛው ረባዳ ያለው ጥቁር መረሬ ግን ሲረጥብ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ የተጫነውንም ይውጣል። በክረምት፣ በተለይም ከሰኔ እስከ መስከረም፣ በተቻለ መጠን ከፍ ያለውን ቀይ መሬት ወይም ጠጠር የለበሰ ቦታ ይምረጡ። ወደ ቦዬ ሲሄዱም ካራቫኑን ከውኃው ዳር አርቀው ያቁሙ። ለአፈሩ ሲባል ብቻ አይደለም፤ በዚያ ያሉት ጉማሬዎች ሌሊት ሌሊት ከውኃው ወጥተው ሣር ስለሚግጡ መንገዳቸው ላይ መተኛት ብልህነት አይደለም።

ለስላሳ መሬት ላይ መቆም ግድ ሲሆን ክብደቱን ሰፊ ቦታ ላይ ማከፋፈል ያስፈልጋል። የአንድ እግር መርገጫ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ መሬቱን የሚነካው በ100 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከሥሩ 30 በ30 የሆነ ወፍራም ጣውላ ሲያስገቡ ስፋቱ 900 ይሆንና ጫናው ወደ ዘጠነኛ እጁ ይወርዳል። ለፊት ክሪኩ ይህ ከሁሉም በላይ አስፈላጊ ነው፤ ቀድሞ የሚሰምጠው እርሱ ነውና። ከጣሪያው የሚወርደው ውኃ ከጎማው ሥር እንዳይጠራቀም የካራቫኑን የሸራ ዳስ አንዱን ጥግ ዝቅ አድርገው ይወጥሩት። ከባድ ዝናብ ባደረ ቁጥር ጠዋት ልኩን እንደገና ይዩት፤ የዘመመው ጎን ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ ከሆነም እግሮቹን ከማጥበቅ ይልቅ ሰቅለው፣ መኪናውን ቀጥለው ሥራውን ከጣውላው ይጀምሩ።

ጥያቄ፦ ከአጋሮ ነው የምጽፈው። የእኔ ተጎታች ማቀዝቀዣው በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ባለ ኮምፕሬሰር ነው። ይህን ያህል መጨነቅ ይኖርብኛል?

መልስ፦ አይኖርብዎትም። ባለ ኮምፕሬሰሩ ፈሳሹን በሞተር ስለሚገፋ መጠነኛ ማዘንበል አይጎዳውም። ለእርስዎ መመዘኛው የውኃ መውረጃውና መኝታው ነው፤ የመታጠቢያው ውኃ በሙሉ ወደ መውረጃው ከሄደና የተኛ ሰው ራሱ ከእግሩ ዝቅ ካላለ በቂ ነው። ታኮውና ቅደም ተከተሉ ግን ለእርስዎም ያው ነው።

ጥያቄ፦ ሊሙ ውስጥ ባለን የቡና እርሻ በለቀማ ወቅት ለሦስት ወር ያህል የሥራ አስኪያጁ ማደሪያ የሚሆን ካራቫን እናቆማለን። ጎማውን አውልቀን ድንጋይ ላይ ብናሳርፈው ይሻላል?

መልስ፦ ለሦስት ወር ጎማ ማውለቅ አያስፈልግም፤ በሙሉ አየር ሞልታችሁ ፀሐይ እንዳያገኘው ብትሸፍኑት ይበቃዋል። ሻሲውን ለማሳረፍ ከፈለጋችሁ ድጋፉ የሚገባው አምራቹ ባመለከተው ቦታ፣ ብዙውን ጊዜም በአክስሉ አጠገብ ነው፤ በማዕዘን እግሮቹ ላይ ለወራት አታስተኙት። በእናንተ አካባቢ ትልቁ ጠላት ምስጥ ነው። መሬት ላይ በቀጥታ የተቀመጠ የባሕር ዛፍ ጣውላ በአንድ የለቀማ ወቅት ውስጡ ተበልቶ ሊጠብቃችሁ ስለሚችል፣ ከጣውላው ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አንጥፉና በየሁለት ሳምንቱ ገልጣችሁ እዩት። ምስጥን ለመከላከል የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የተለመደ ቢሆንም፣ ቡናው ሥር ወዳለ አፈር የሚዘልቅ በመሆኑ ለእርሻችሁ አንመክረውም።