አሥራ ሁለት አዝማሪ በሃያ ደቂቃ

ከአንባቢያን ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን የምንማር ሦስት ተመራቂ ተማሪዎች ነን። ለመመረቂያችን በሰሜን ሸዋ የባህል ሙዚቃ ላይ የ20 ደቂቃ ዘጋቢ ፊልም ለመሥራት ተነሥተናል። ዕቅዳችን ከመንዝ፣ ከተጉለት፣ ከመርሐ ቤቴ፣ ከምንጃርና ከይፋት በድምሩ 12 ሙዚቀኞችን ማነጋገርና የሙዚቃውን ታሪክ በተራኪ ድምፅ ማስረዳት ነበር። በኅዳር ሁለት ቀን ወጥተን ስንሞክር ግን ነገሩ እንዳሰብነው አልሆነም። አንድ አዛውንት አዝማሪ ለጥያቄያችን ሁሉ «አዎ፣ ድሮም እንዲሁ ነው» ከማለት በቀር ሌላ አልጨመሩልንም። በጠጅ ቤት የቀረጽነው ማሲንቆ በጫጫታ ተዋጠ፤ በሜዳ የቀረጽነውን ደግሞ ነፋስ አበላሸው። ሌላው ሙዚቀኛ ካልተከፈለው እንደማይቀረጽ ነገረን፤ አማካሪ መምህራችን በበኩላቸው ለባለታሪክ ገንዘብ መክፈል የፊልሙን እውነተኛነት ያጎድፋል ይላሉ። ያለን አንድ ካሜራና ሁለት ስልክ ነው፤ ሥራውን የምናስረክበው በሰኔ ነው። ምን ትመክሩናላችሁ?

ሦስት ተማሪዎች፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ በመጀመሪያ ሒሳቡን እናስላው። 20 ደቂቃ ለ12 ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 100 ሰከንድ ነው፤ እሱም ተራኪያችሁ ምንም ሳይናገር ነው። አንድ አዝማሪ አውታሩን ወጥሮ፣ ደጋኑን ዕጣን አስነክቶ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሮ ድምፁን እስኪያገኝ ድረስ ከዚህ የበለጠ ጊዜ ይወስድበታል። ስለዚህ አሥራ ሁለቱን ትታችሁ አንዱን፣ ቢበዛ ሁለቱን ያዙ። «የሰሜን ሸዋ ሙዚቃ» የሚለው ርእስ የገባውን ቃል ማንም በ20 ደቂቃ አይፈጽመውም። ስሙ ራሱ የሁለት ዞኖች መጠሪያ ነው፤ አንዱ የእናንተው ሲሆን ሌላው ዋና ከተማው ፍቼ የሆነው የኦሮሚያው ሰሜን ሸዋ ነው። በእናንተው ዞን ውስጥም ቢሆን ከመንዝ ደጋ ሠርግ እስከ ይፋት ቆላ መንዙማ፣ ከምንጃር የጥምቀት ጭፈራ እስከ አልዩ አምባ አርጎባዎች ያለው ሁሉ በአንድ ተራኪ ድምፅ ተጠቅልሎ የሚያልቅ አይደለም። የአንድ ሰው ሥራ በቅርብ ከታየ ግን አካባቢው አብሮት ይመጣል፤ የሚሄድበት ሠርግ፣ የሚቀመጥበት ጠጅ ቤት፣ የሚወቅሱትና የሚያሞግሱት ጎረቤቶች ሁሉ ከእርሱ ጋር ናቸውና።

አዛውንቱ በአጭር በአጭሩ የመለሱላችሁ ነገር አጥተው አይመስለንም። «የአዝማሪነት ታሪክ በአካባቢው እንዴት ይገለጻል?» ዓይነት ጥያቄ የክፍል ፈተና ስለሆነ፣ ትሑት ሰው «አዎ» ብሎ ያልፈዋል። ማሲንቆውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሳሉ እጃቸው ስለሚሠራው ነገር ጠይቋቸው። የሳጥኑን ቆዳ ማን እንደወጠረው፣ የፈረሱን ጭራ ከማን እንደሚገዙ፣ አውታሩ መሐል ሠርግ ላይ ሲበጠስባቸው ምን እንደሚያደርጉ፣ የመጀመሪያዋን ዜማ ከማን ሰምተው እንደያዟት ይንገሯችሁ። አውታሩን የሚቀይሩበትን ቀን ጠብቃችሁ ብትገኙ ደግሞ ያለምንም ጥያቄ የአምስት ደቂቃ ምስል ታገኛላችሁ፤ ጭራው በጣት ሲበጠር፣ በቋጠሮ ሲያዝ፣ ከመቃኛው ላይ ሲጠመጠም፣ ከዚያም የመጀመሪያው ሻካራ ድምፅ ሲወጣ። በነገራችን ላይ «አዝማሪ» የሚለውን ቃል እንደ ስድብ የሚሰሙት አሉ፤ በፊልሙ ላይ በምን ስም መጠራት እንደሚፈልጉ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ድምፁን በተመለከተ፣ እንደ እኛ አስተያየት ይህ ፊልም ከምስሉ በፊት የድምፅ ሥራ ነው። ከሁለቱ ስልኮች አንዱን የድምፅ መቅጃ ብቻ አድርጉት። በአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጋችሁ፣ ከማሲንቆው ሳጥን አንድ ክንድ ያህል ርቀት ላይ፣ ከከበሮውና ከጠጪዎቹ ጠረጴዛ በተቃራኒ በኩል አስቀምጡት። የዚህ አምድ አዘጋጅ በተማሪነቱ ሙሉ ሌሊት ቀርጾ ሲመለስ፣ ማይክሮፎኑን ከከበሮው አጠገብ ማስቀመጡን ያወቀው ቤቱ ገብቶ ሲያዳምጥ ነበር፤ ከማሲንቆው የተረፈው በሁለት ምት መካከል የሚሰማ ጭረት ብቻ ነበር። አዝማሪ በዘፈኑ መካከል ድንገት ድምፁን ከፍ ስለሚያደርግ፣ የመቅጃውን የድምፅ መጠን ከጣሪያው፣ ማለትም ድምፁ መሰንጠቅ ከሚጀምርበት ልክ፣ 12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ። ካሜራውና ስልኩ ሥራ ሲጀምሩ ከፊታቸው አንድ ጊዜ አጨብጭቡ፤ በኋላ ምስሉንና ድምፁን የምታጋጥሙት በዚያች ጭብጨባ ነው። ለነፋሱ በማይክሮፎኑ ላይ ጠጉሩ ረዘም ያለ ስስ ጨርቅ አልብሱት። የመንዝ በግ አገር ሆኖ ሳለ ለምድ ቆርጦ ማልበስ እንደሚያምራችሁ እናውቃለን፤ ነገር ግን ቆዳው ድምፁን ያፍነዋል።

አንዱን ዘፈን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ካሜራውን ሳታንቀሳቅሱና ሳታቋርጡ ቅረጹት። ሁለተኛ ሲጫወቱት ጣትን፣ ደጋንን፣ ፊትን በቅርበት ያዙ። በአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል ድግግሞሽ 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ በመብራት በሚቀረጽ ምስል ላይ ጥቁር ሰረዝ እንዳይርገበገብ ካሜራውን በሰከንድ 25 ፍሬም፣ የሹተር ፍጥነቱን በ1/50 ሰከንድ አድርጉት። በሰከንድ 50 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 22 ጊጋባይት ያህል ስለሚወስድ የማስታወሻ ካርዳችሁን አስቀድማችሁ አስሉ። የደጋው ብርድ ባትሪ ስለሚጨርስ ትርፉን ባትሪ በውስጥ ኪሳችሁ ያዙ። ቤቱ ውስጥ የተከፈተ ቴፕ ካለም በአክብሮት አስዘጉት፤ ድምፁን ከማበላሸቱም ሌላ የሌላ ዘፋኝ ሥራ ያለ ፈቃድ ፊልማችሁ ውስጥ ይገባል።

አሁን ወደ ጠጅ ቤቱ እንመለስ፤ ከሁሉ የሚያጓጓውም የሚያስፈራውም እርሱ ነው። እንግዳው «ተቀበል!» ሲል አዝማሪው ጆሮውን ያዘነብላል፤ ግጥሙ ከአንዱ አፍ ወጥቶ በሌላው ዜማ ይመለሳል። የእናንተ ሥራ ሁለቱን በአንድ ምስል ማሳየት ነውና ካሜራውን በአዝማሪው ጎን፣ ሰጪውም ተቀባዩም በሚታዩበት ቦታ አቁሙ። ይሁን እንጂ ግጥም የሚሰጠው ሰው ለዚያች ቤት እንጂ ለአገር ሁሉ አልተናገረም። ሰምና ወርቁ ጎረቤቱን፣ አለቃውን ወይም የቀድሞ ወዳጁን የሚነካ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ምሽት ካሜራውን ሳታወጡ ተቀመጡ፤ በሁለተኛው ከባለቤቱና ከእንግዶቹ ፈቃድ ጠይቁ፤ መቀረጽ የማይፈልጉት የሚቀመጡበትን ጥግ ለይታችሁ ካሜራውን ወደዚያ አታዙሩ። በነጋታው ደግሞ ግጥም የሰጠውን ሰው አግኝታችሁ፣ ሞቅታው ካለፈ በኋላም ፈቃደኛ እንደሆነ አረጋግጡ።

የገንዘቡ ጥያቄ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የዚህ አምድ አዘጋጅ ከላይ የተጠቀሰውን ሌሊት ሲቀርጽ፣ ከጥግ የተቀመጠ አንድ ጠጪ ለአዝማሪው እንዲህ ሲል ሰጠው፦

ካሜራ ይዛችሁ ከሩቁ ያያችሁኝ፣
እንዲህ ወድቄ ሳለሁ መቼ አነሣችሁኝ።

ቤቱ በሣቅ ሞላ። ሰሙ «ፎቶ አላነሣችሁኝም» የሚል ነው፤ ወርቁን ግን ለመረዳት ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለን ቆየን። ያን ሌሊት ሁሉም በየተራው ብር ከአዝማሪው ግንባር ላይ ሲለጥፍ፣ እኛ እስኪነጋ ቀርጸን አንዲት ብር አላወጣንም ነበር።

መምህራችሁ የሚሉት ትክክል የሚሆነው ገንዘቡ ለቃል ሲከፈል ነው። «ይህን ብለህ ተናገር፣ ይህን እከፍልሃለሁ» ከተባለ ምስክርነቱ ይረክሳል። አዝማሪ ግን የሚኖረው በሽልማት ነው፤ ዘፈኑ ሙያው ነው። ከገበያ ቀን ወይም ከሠርግ አስቀርታችሁ ለራሳችሁ ሥራ ስታጫውቱት መክፈል ይገባችኋል። ለጨዋታውና ለጊዜው የሚከፈለውን ከመቀረጹ በፊት ተነጋግራችሁ ወስኑ፤ ለቃለ መጠይቁ አትክፈሉ፤ መክፈላችሁንም በፊልሙ መጨረሻ ላይ በግልጽ ጻፉ። የገንዘቡ ጉዳይ የይሉኝታ ብቻ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተሻሻለው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኝ፣ ማለትም ዘፈኑን ለሚጫወተው ሰው፣ የራሱን መብት ሰጥቶታል፤ ያልተቀረጸ ክዋኔውን ሌላ ሰው እንዲቀርጽ የመፍቀድ ሥልጣን የእርሱ ነው። ፈቃዱ ፊልሙ የት የት እንደሚታይ የሚገልጽ ይሁን። ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ አዛውንት ጽሑፉን ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸውና መስማማታቸውን ራሱን በካሜራ ቅረጹት።

የጊዜ ሰሌዳችሁን ያወጣችሁት የትምህርት ካላንደሩን አይታችሁ ይመስላል፤ የአዝማሪው ካላንደር ግን ሌላ ነው። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ስለሚገባ በኅዳር ወጥታችሁ የቀዘቀዘ ቤት ብታገኙ አያስገርምም። ከገና እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ጊዜ፣ በተለይም ጥር፣ የሠርግና የጥምቀት ወር ስለሆነ ዋናውን ቀረጻ ያን ጊዜ ጨርሱ። ከዚያ 55 ቀን ሁዳዴ ይመጣል፤ ማሲንቆው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ በገናው ይወርዳል። ሁዳዴን ለአርትዖት ብቻ አታውሉት፤ አንድ ቀን ካሜራችሁን ይዛችሁ ወደ አዝማሪው ቤት ሂዱ። ማሲንቆው ተሰቅሎ ሳለ እርሱ ምን እየሠራ ልጆቹን እንደሚያበላ የሚያሳይ ምስል ከሠርጉ ጭፈራ የማያንስ ዋጋ አለው፤ እኛን ብትጠይቁን ፊልሙ የሚጀምረው ከዚያ ግድግዳ ነው። ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ይመለሳል፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ለሰኔ የቀራችሁ ጥቂት ሳምንት ብቻ ስለሆነ ለጎደለ ምስል እንጂ ለዋና ቀረጻ አትመኩበት።

ስለ ተራኪው አጠር አድርገን እንናገር። ታሪክ ማስገባት ከፈለጋችሁ የሚያስፈልጋችሁ አንድ የተረጋገጠ ነገር ነው። ከመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሸክላዎች ባለቤት የሆኑት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ የምንጃር ተወላጅ ናቸው፤ ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ወደ ጀርመን አገር ተልከው በቆዩበት ጊዜ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። ያን ድምፅ ዛሬም የምንሰማው ማንም ከላዩ ስላልተናገረበት ነው። የእናንተም ተራኪ ማሲንቆ ሲጫወት ዝም ይበል። ደግሞም «ይህ ቅኝት የሸዋ ብቻ ነው» ከማለት ተጠንቀቁ፤ አምባሰልና ባቲ በወሎ ስፍራዎች ስም የሚጠሩ ቅኝቶች ሆነው ሳለ በሸዋ ጠጅ ቤት ሌሊቱን ሙሉ ይሰማሉ።

ከከተማ ከመውጣታችሁ በፊት የትምህርት ቤታችሁን ደብዳቤ ያዙ፤ የመንገዱን ደኅንነት በዚያው ከሚኖር ሰውና ከወረዳው አስተዳደር በዕለቱ አጣሩ፤ ያለ ፈቃድ ድሮን አታስነሡ። መንገዱ አስተማማኝ ካልሆነ እዚያው ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ያለ አንድ አዝማሪ ይበቃችኋል።

ጥያቄ፦ አባቴ ዕድሜያቸውን በሙሉ ማሲንቆ የተጫወቱ ሰው ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ተማሪዎች ቤታችን መጥተው ሁለት ቀን ቀረጿቸው፤ በልተው ጠጥተው፣ ፊልሙን እናሳያችኋለን ብለው ሄዱ፤ አልተመለሱም። ዘንድሮ ደግሞ የአባቴ ዘፈን በአንድ የንግድ ማስታወቂያ ላይ ተቆርጦ ሲሰማ ዘመድ በስልኩ አሳየን። ምን ማድረግ እንችላለን?

አንዲት አንባቢ፣ ከደብረ ሲና

መልስ፦ እኅታችን፣ አባትዎ በፊልም ለመቀረጽ ተስማምተው እንደሆነ ስምምነቱ ለፊልሙ እንጂ ለማስታወቂያ አይደለም። ማስታወቂያውን ከመጥፋቱ በፊት በስልክዎ ቀድተው፣ የታየበትን ቀንና ስፍራ ጽፈው ያስቀምጡ። ከዚያ ተማሪዎቹ ይማሩበት ለነበረው ተቋምና ለማስታወቂያው ባለቤት በአባትዎ ስም ደብዳቤ ይጻፉ፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚህ ላይ በስምምነት ያልቃል። መልስ ካጡ ጉዳዩን ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማቅረብና ምክር መጠየቅ ይችላሉ፤ የካሳ ጥያቄው ግን የፍርድ ቤት ነው። ከላይ የጠቀስነው አዋጅ ለአባትዎ እንደ ከዋኝ፣ ግጥሙና ዜማው የራሳቸው ከሆነ ደግሞ እንደ ደራሲም ጭምር ጥበቃ ያደርጋል።

በደብዳቤዎ ላይ የፊልሙን ሙሉ ቅጂ አብረው ይጠይቁ። ተማሪዎቹ ሳይጠቀሙበት የቀረውን ጭምር ይጠይቁ፤ ከሁለት ቀን ቀረጻ ውስጥ ፊልሙ ላይ የገባው ጥቂቱ ነው፣ አባትዎ ከዳር እስከ ዳር የተጫወቷቸው ዘፈኖች በቀረው ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ።